በላበው መስኮት ላይ

ባለ ጥላዋ ሴትዮ አግዳሚ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከጀመረች ወዲህ የሚጡ እናት በዚያ የሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ አንድም ቀን እፎይ ብላ ተቀምጣ አታውቅም። ሴትዮዋ ዝናብ ኖረም አልኖረም ከእጇ የማትለየውን ጥቁር ጥላ በጉልበቶቿ መካከል ትተክላለች፣ አገጯን እጀታው ላይ ታሳርፋለች፣ ከዚያ ስለ ልጇ ታወራለች። ልጇ ከሚጡ ጋር በአንድ በሽታ የሚታከም ወጣት ነው። ያንኑ ሐኪም ያያል፣ ያችኑ ነጭ ክኒን ይውጣል። ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ሚጡም ትሰማ ነበር። ሰው ይከታተለኛል ይል ነበር፤ ሚጡም ትል ነበር። አሁን ለሁለቱም ድምፁ ጸጥ ብሎላቸዋል። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚጡን እናት እንቅልፍ የሚነሳትም ያ ልዩነት ነው።

«ትናንት አውቶቡስ ውስጥ» አለች አንድ ቀን ባለ ጥላዋ፣ «ዓምና የተሳፈርንበት አውቶቡስ ሾፌር ማን እንደሚባል ከነአባቱ ነገረኝ። ገና ተቀምጠን ሳንጨርስ። እኔ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ የምፈልግ ሰው፣ ልጁ በማን እንደወጣ እንጃ።»

ነርሶቹ ልጁን «ካሴቱ» ይሉታል። የሰማውን ሁሉ ቀድቶ ያስቀራል።

የሚጡ እናት ሳቀች። ፊቷ ይስቃል እንጂ ሆዷ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። በዚያው ሳምንት ሚጡ ወተት ጥዳ ረስታው ድስቱ ከስሎ ነበር። ሱቅ ልካት ከመንገድ ተመልሳ «እማዬ፣ ምን ነበር ያልሽኝ?» ብላታለች፤ ነግራት ሄዳ ደግማ ተመልሳለች። ትምህርት ቤት ሳለች ከክፍሏ ማንም የማይቀድማት ልጅ ነበረች። አንድ በሽታ ሁለት ልጆች ቤት ገብቶ፣ ካንዱ ቤት አእምሮውን ትቶለት ሲወጣ ከሌላው ቤት ጠራርጎ ይወጣል? ማን ነው እንዲህ የሚያካፍለው?

የሚጡ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ ውስጥ በመስኮቱ ሥር የቆመች የእግር መኪና አለቻት፤ መጋረጃ ትሰፋለች፣ ቀሚስ ታሳጥራለች፣ የጠበባቸውን ታሰፋለች። በሥራዋ እንደ አንድ ነገር የሚያናድዳት የለም፤ ሜትሩን ወገባቸው ላይ ስታዞር ሆዳቸውን የሚስቡ ሴቶች። «እህቴ፣ ተንፍሺ» ትላቸዋለች። «እኔን ብታታልይ ቀሚሱን አታታልይውም። ኋላ ስትቀመጪ ይተረተራል።»

ደግሞ ፈሪ ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የጡት ወተት አድርጋ ያደገች ትመስላለች። ስልክ ሲጮህ ሰው ሞቷል ትላለች፤ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ የሚደውለው ሰው ሞቷል ትላለች። ሚጡ የታመመች ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ ሲደነግጥ እሷ ብቻ አልደነገጠችም። ድሮም የሆነ ነገር እስኪመጣ ስትጠብቅ ነበር፤ መጣ።

ታዲያ ሐኪሙ ደስ የሚል ወሬ ሲነግራት በጥርጣሬ ነው ያዳመጠችው። ሆስፒታሉ ከግቢው ጀርባ የሥራ ክፍል ሊከፍት ነው። የተሻላቸው ሕመምተኞች ለኬክ ቤቶች የማሸጊያ ካርቶን እያጠፉ ደመወዝ ያገኛሉ። ለመጀመሪያው ዙር የሚወሰዱት ጥቂት ናቸው፤ ሚጡ ከታሰቡት አንዷ ናት።

«ከመግባታቸው በፊት ግን ሁሉንም እንመረምራለን» አለ ሐኪሙ። «በደም ወይም በመርፌ አይደለም። በጥያቄ፣ በስዕል፣ በእንጨት ኩብ። ትኩረቷ እንዴት ነው፣ ምን ያህል ታስታውሳለች፣ ምን ያህል ትፈጥናለች፣ ሥራ ስትሠራ እንዴት ታቅዳለች፣ ያንን እናያለን። ሕመሙ አንድ ቢሆንም ሰው ላይ የሚተወው ምልክት አንድ አይደለም። ማን ምን እንደጎደለው፣ ማን ምን እንደተረፈለት ካላወቅን ሥራውን በልኩ ልንሰጠው አንችልም።»

«ማለፊያው ስንት ነው?» አለች የሚጡ እናት።

«ማለፍና መውደቅ የሚባል ነገር የለውም።»

አላመነችውም። ፈተና ፈተና ነው። ማለፊያ የሌለው ፈተና ያለው በሐኪም አፍ ላይ ብቻ ነው። ጥቂት ወንበር ካለና ብዙ ሰው ካለ አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው ይቆማል። ሚጡ ቆማ ካሴቱ ሲቀመጥ ታያት፤ ባለ ጥላዋም አገጯን እጀታው ላይ አድርጋ «አይዞሽ፣ የእሷም ጊዜ ይመጣል» ስትላት ታያት። የመጨረሻው ነው ይበልጥ ያንገበገባት።

ካሴቱ የተመረመረው ከሚጡ ቀደም ብሎ ነው። ቀኑ ዝናባማ ነበር። ኮሪደሩ በሰው ትንፋሽና በእርጥብ ልብስ ታፍኖ መስኮቶቹን ሁሉ ላብ አልብሷቸዋል። የሚጡ እናት የመጣችው ክኒን ልትወስድ ነው፤ መቀመጫ ስላጣች ወጥታ በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ክዳን ሥር ቆመች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሻሿን ስታራግፍ፣ በላቡ ውስጥ አንድ ጣት ከውስጥ በኩል ሲሄድ አየች። ጣቱ ባለፈበት መስመር ይቀራል። ከመስመሩ ኋላ የካሴቱ አንድ ዓይን ታያት፤ የሚያየው እሷን አይደለም።

ባለ ጥላዋ በሩን ከፍታ ወጣች። ዝናቡ በማያገኛት ቦታ ላይ ጥላዋን ዘረጋች።

«አየሽልኝ? አሁን ከምርመራው መውጣቱ ነው። ፈታኟ ስዕል አሳየችው፣ አነሳችበት፣ ሌላ ሌላ ነገር ስታሠራው ቆይታ ካንጎልህ አውጥተህ ሳልልኝ አለችው። ሳለላት። አልበቃ ብሎት ይኸው መስኮት ላይ ይደግመዋል። ፈታኟ ራሷ እንዲህ ዓይነት ሰው ብዙ አላየሁም አለችኝ።»

«ጎበዝ ነው» አለች የሚጡ እናት።

ግን ዓይኗ ከመስኮቱ አልተነቀለም። በመንገድ የምታልፍ ሴት የለበሰችውን ቀሚስ አንዴ አይታ፣ ቤቷ ገብታ እንዳለ የምትቆርጥ ሰው ናት። ስዕሉ ምንም የማይመስል ነገር ነው፤ በመሃል ትልቅ ሳጥን፣ በሳጥኑ አንዱ ጎን ባንዲራ የመሰለ ሦስት ማዕዘን፣ በሌላው ጎን ትንሽ መሰላል፣ ከታች የተንጠለጠለ መንጠቆ፣ በሳጥኑ ሆድ ውስጥ ሁለት የተሻገሩ መስመሮችና አንዲት ጨረቃ። ባንዲራው በግራ፣ መሰላሉ በቀኝ። ያዘችው። ክኒኑን ተቀብላ ቤቷ እስክትገባ ሰው ሰላም ሲላት በራሷ ንቅናቄ ብቻ እየመለሰች፣ አፉ ድረስ የሞላ ማሰሮ እንደተሸከመ ሰው ሄደች።

ቤቷ ገብታ ከመጋረጃ የተረፈ ጥቁር ጨርቅ ግድግዳው ላይ ወጠረች። በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ስዕሉን ሳለችበት።

«ይሄ ምንድነው?» አለች ሚጡ።

«ስዕል ነው።»

«የምን ስዕል?»

«የምንም። ዝም ብለሽ ያዥው።»

«የምንም ስዕል ከሆነ ለምን እይዘዋለሁ?»

«ሚጡዬ፣ ባክሽ ለእኔ ብለሽ።»

ሚጡ ለእናቷ ብላ ጀመረች። አየችው፣ እናቷ ጨርቁን ገለበጠችው፣ ሚጡ ወረቀት ላይ ሳጥን ሳለችና እርሳሷን አስቀመጠች። ሌላው ጠፍቷል። እንደገና። ሳጥንና ባንዲራ። እንደገና። በማግስቱ ከመሰላሉ ጀመሩ። የሚጡ እናት የደንበኛ ቀሚስ አስቀምጣ፣ የልጇን እጅ በእጇ ይዛ፣ ጠመኔው በጨርቁ ላይ እየሄደ «ወደ ታች፣ ወደ ጎን፣ ባንዲራውን በዚህ» ትላለች። አንዳንዴ ሚጡ ይሰለቻትና መንጠቆው ላይ ዓሣ ትሰቅላለች። እናቷ ትቆጣለች። ሚጡ ዓሣውን ትደመስሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ መርፌ በተመላለሰበት መንገድ ክር እንደሚቀር፣ ስዕሉ በሚጡ እጅ ውስጥ ቀረ። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ሳለችው፤ እናቷ ጨርቁን አወረደችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ስሚኝ፣ ፈታኟ ስታሳይሽ አውቀዋለሁ እንዳትያት።»

«ረስቼዋለሁ ልበላት?»

«አዎ።»

«እሱንማ እችላለሁ» አለች ሚጡ።

የምርመራው ቀን ደረሰ። ዳግመኛ ይዘንባል። ፈታኟ ፀጉሯን ያሳጠረች፣ እጅጌዋን ወደ ላይ የጠቀለለች ወጣት ናት፤ በአንገቷ የሰዓት መቁጠሪያ አንጠልጥላለች። ሚጡን ትከሻዋን ይዛ አስገባቻትና በሩ ተዘጋ።

የሚጡ እናት በሩ አጠገብ ቆማ ጆሮዋን ጣለች። የእንጨት ኩቦች ጠረጴዛ ላይ ሲንኳኩ ይሰማል። ፈታኟ ቁጥር ትጠራለች፣ ሚጡ ቁጥሩን ከኋላ ወደፊት ለማለት ትሞክራለች፣ ትሳሳታለች። እናቷ ከውጭ ሆና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ እሷም ትሳሳታለች። ከዚያ ሳቅ መጣ። የሚጡ ሳቅ ነው፤ ከሆዷ የሚነሳው፣ ቤት ውስጥ ከተሰማ የከረመው ሳቅ። አንዲት ባዳ፣ ገና ከትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፣ በጥቂት ኩብ አወጣችው። እኔ ጡቴን ያጠባሁ፣ ሌሊት ያቀፍኩ ሳላገኘው፣ አለች በልቧ። ባለ ጥላዋ ላይ የነበረው ቅናት ተከፍሎ ግማሹ ወደ በሩ ዞረ። ለሁለቱም ይበቃል፤ ቅናት እንደ ሊጥ ነው፣ በተከፈለ ቁጥር ደግሞ ኩፍ ይላል።

በሩ ሲከፈት ሚጡ ደክሟት ወጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ፈታኟ ግን አልሳቀችም።

«እናቴ፣ አንዴ ይግቡልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተቀምጧል።

«ይሄኛውን የሳለችው ስዕሉ ፊቷ እያለ ነው። ሳላነሳባት፣ እያየች። ቆንጆ አድርጋ ገልብጣዋለች። ይሄኛው ደግሞ ስዕሉን ካነሳሁት በኋላ፣ ብዙ ቆይተን ከትዝታዋ የሳለችው ነው።»

የሚጡ እናት አየች። ሳጥን፣ ባንዲራ፣ መሰላል፣ መንጠቆ፣ ጨረቃ። አንድም አልጎደለም። ደስታው ሊያፈነዳት ሆነ።

«ሁለቱም ያው አይደሉም?»

«አይደሉም። እዚህ ባንዲራው በቀኝ ነው። ከትዝታዋ ስትስለው በግራ ሆነ። መሰላሉም፣ ጨረቃውም ተገልብጧል። ስዕሉ ሙሉ ለሙሉ በመስታወት እንደታየ ነው የተገለበጠው። በሌሎቹ የማስታወስ ጥያቄዎች ብዙ ተቸግራለች፤ እዚህ ላይ ግን አንዲት መስመር አልረሳችም፤ ግን ሁሉም ተገልብጧል። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም።» ፈታኟ ቀና ብላ አየቻት። «ስዕሉን ከዚህ በፊት የት ልታየው ትችላለች?»

«በምን አይታው» አለች የሚጡ እናት። ቃሉ ሳታስበው ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

«እንግዲያው ለሐኪሙ እነግረዋለሁ። የጭንቅላት ምስል ቢነሳላት ጥሩ ነው። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። ግን እስኪጣራ ድረስ የሥራ ክፍሉ ነገር ይቆይ፤ በመጀመሪያው ዙር ባትገባ በሚቀጥለው እናያለን።»

ፈታኟ ዕጢ አላለችም። የሚጡ እናት ግን ዕጢ ብላ ነው የሰማችው። ከጠረጴዛው እስከ በሩ ባለው መንገድ ሚጡን አስተኝታ፣ ፀጉሯን አስላጭታ፣ ቀብራ፣ ጥቁሯን ለብሳ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እጀታውን እንደያዘች ግን መሳቢያ ውስጥ የተጠቀለለው ጥቁር ጨርቅ ታወሳት። ጨርቁ ላይ ባንዲራው የት ነው? በግራ። በራሷ እጅ፣ በራሷ ጠመኔ፣ በግራ ነው የሳለችው። ሚጡ የሳለችው የተማረችውን ነው። ጭንቅላቷ ምንም አልሆነም። ታዲያ ማን ነው የሳተው?

ካሴቱ ነዋ። ካሴቱ ነው ገልብጦ የሳለው። ያ የተወራለት፣ የሾፌር አባት የሚያውቀው ልጅ፣ ቀኝና ግራውን አያውቅም። የሚጡ እናት ይህን ስታስብ ፍርሃቷ መሃል አንዲት የምታሳፍር ደስታ ብልጭ አለች። ከባለ ጥላዋ አፍ የወጣው ሁሉ ባዶ ነበር ማለት ነው።

ኮሪደሩ ውስጥ ወጣች። ካሴቱ ያው የተለመደው ቦታው ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተንበርክኮ፣ የላበው መስኮት ላይ ይስላል። እናቱ ጥላዋን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች። የሚጡ እናት ከኋላው መጥታ ቆመች። ሳጥን። ጨረቃ። ባንዲራ፤ በቀኝ። መሰላል፤ በግራ። ልክ ፈታኟ ወረቀት ላይ እንዳለው።

ቆማ ቀረች። ከዚያ በሩን ከፍታ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ያን ቀን የቆመችበት ቦታ ቆመች፣ መስኮቱን ከውጭ አየች። ባንዲራው በግራ።

ዕድሜዋን ሙሉ የጨርቅ ፊትና ጀርባ ስትለይ የኖረች ሴት። የቀኝ እጅጌና የግራ እጅጌ ሳታምታታ ስንት ኮት የሰፋች። ቅናት ዓይኗን ይዞት ስዕሉን ከጀርባው ወሰደችው፤ የልጇ እጅ ውስጥም ከነጀርባው ሰፋችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አሁን ዝም ብትል ሚጡ የሌለባትን በሽታ ፍለጋ ከማሽን ማሽን ትዞራለች፤ ወንበሩም ያልፋታል። ብትናገር ደግሞ ባለ ጥላዋ ትሰማለች። ከሁለቱ የቱ እንደከበዳት እውነቱን ብትጠየቅ፣ ለመመለስ ትንሽ ጊዜ ትፈልግ ነበር። ዝናቡ ከጣሪያው እየወረደ ጫማዋን አራሰው። በመስኮቱ ውስጥ ሚጡን አየቻት፤ ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ያን ትንሽ ጭንቅላት።

ገባች። የፈታኟን በር ሳታንኳኳ ከፈተችው።

«ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። ስዕሉን አይታዋለች። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«እንዴት? ከየት አገኙት?»

«ከዚያ መስኮት። ልጁ ሲስለው በውጭ በኩል ቆሜ አየሁት። ባንዲራው በግራ የሆነው ለዚያ ነው። እሷ ምንም የላትም፤ ምንም። እኔ ነኝ የገለበጥኩት።»

ፈታኟ ተነስታ ኮሪደሩ ውስጥ ወጣች፣ መስኮቱን አየች፣ በረንዳው ላይ ወጣች፣ ተመለሰች። ስትመለስ ባለ ጥላዋ ከኋላዋ ተከትላ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከልጄ ነው የሰረቅሽው?» አለች ባለ ጥላዋ።

«ከልጅሽ ነው» አለች የሚጡ እናት። መሬት አልተከፈተላትም።

«ደግሞስ ከሰረቅሽ አይቀር ቀጥ አድርገሽ አትሰርቂም?»

ፈታኟ ሳቋን ልትውጥ ሞከረችና አልቻለችም። ከዚያ ግን ፊቷን ሰበሰበች። «እናቴ፣ ያደረጉት ቀላል ነገር አይደለም። ሳይገለበጥ ቢሆን ኖሮ ይህች ልጅ ትዝታዋ ድንቅ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። የሥራ ክፍል ገብታ አንዴ ብቻ አሳይተው ይተዋት ነበር፤ የካርቶኑ አስተጣጠፍ ይጠፋባታል፣ ሰነፍ ነሽ ትባላለች፣ ታፍርና ትወጣለች። ያን ነበር የሚያተርፉላት።»

የሚጡ እናት አንገቷን ደፋች። ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲዞር ሆዳቸውን የሚስቡት ሴቶች አንድ በአንድ ፊቷ ተደረደሩ። ሁሉንም ተንፍሺ ስትል ኖራ፣ የልጇን ሆድ በገዛ እጇ ጎትታ ያዘች።

«ታዲያ ምን ይሻላታል?» አለች ቀስ ብላ።

«ሌላ ስዕል አለ። ሌላ ቀን ትመጣለች፣ ሳያስተምሯት።»

«ሌላኛውን ደግሞ ልጄ መስኮት ላይ እንዳያወጣው፣ እስከዚያ ቤት አስቀረዋለሁ» አለች ባለ ጥላዋ።

ሁለቱ ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። የሚጡ እናት የመጀመሪያውን ስድብ ትጠብቅ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«ዛሬ ጧት» አለች ባለ ጥላዋ አገጯን ከእጀታው ሳታነሳ፣ «አንዱን ካልሲ አደረገ፣ ሌላኛውን በእጁ እንደያዘ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ገበያ ሄጄ መጣሁ። ያው ካልሲውን ይዞ ነው። ካልሲውን ከየት እንደገዛሁት፣ ሻጩ ምን እንዳለኝ ጠይቂው፣ ይነግርሻል። አድርገው ካልተባለ ግን አያደርገውም። ፈታኟም ያንኑ አገኘችበት፤ ትዝታው ሙሉ ነው፣ መጀመር ግን አይችልም።»

«ይሄንን ነግረሽኝ አታውቂም።»

«ለምን እነግርሻለሁ? ባለፈው የአንቺዋ ልጅ መጥታ፣ እትዬ ደክሞሻል፣ ተቀመጪ ብላ ከወንበር ተነሳችልኝ። የእኔው ከታመመ ወዲህ ደክሞሻል ብሎኝ አያውቅም። ትኩሳት ይዞኝ ስተኛ እራት የት አለ ነው ያለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። በሀዘን እንዳይመስልሽ። በቅናት ነው።»

የሚጡ እናት ሌላ ሰው የሚቀናበት ነገር አለኝ ብላ አስባ አታውቅም ነበር። ደስ አላት። ደስ ማለቷ አሳፈራት። ግን ደስ አላት።

ሚጡ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስዕል ተመረመረች። እናቷ በሩ ላይ ጆሮዋን አልጣለችም፤ ባትጥልም እጇ ሻሿን ሲጠመዝዝ ቆየ። ፈታኟ ውጤቱን ስትነግራት አላደባበሰችውም።

«ትዝታዋ ተጎድቷል። ያየችውን አንዴ ካነሱባት ይጠፋባታል፤ ፍጥነቷም ቀንሷል። ፊቷ ካለ ግን አትሳሳትም፤ እጇ ልክ ነው፣ ዓይኗም ልክ ነው። ስለዚህ ሥራው ምንድነው? አለማንሳት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ። ያ በጨርቅ ላይ እጇን ይዘው ያስተማሯት ስዕል አሁንም አልጠፋም። ዛሬ ሳዪልኝ ብላት ሳለችው፤ ከነግልብጡ። ማለት፣ ቀስ ተብሎ በእጅ ከተደጋገመ ይገባል።»

«ማስተማሬ ጥሩ ነበር ማለት ነው?»

«ማስተማርዎ ጥሩ ነው። የሰረቁት ነው ችግሩ።»

ሚጡ ገባች። መጀመሪያው ዙር ላይ፣ ከካሴቱ ፊት ለፊት። ጠረጴዛዋ ላይ የአንዱ ካርቶን መታጠፍ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ ተቸንክሯል፤ ጠፍጣፋው፣ ጎኑ የተነሳው፣ ጥጉ የገባው፣ ያለቀው። ማንም አያነሳባትም። እናቷም ቤት ውስጥ ማንሳት ትታለች። ወተቱ ከተጣደ የድስቱ ክዳን ሚጡ የምትቀመጥበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ መቀመጥ ስትፈልግ ክዳኑን ታገኛለች፣ ወተቱ ትዝ ይላታል። አንድ ቀን ክዳኑን አንስታ ተቀመጠችና ወተቱ ገነፈለ፤ ግን ድስቱ አልከሰለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲያልቅ እናቶቹ ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሄደው ከሥራ ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ካሴቱ ጠፍጣፋ ካርቶን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሚጡ የራሷን እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ ጠረጴዛውን በጣቷ አንጓ ኳ አደረገችው።

«ጀምር።»

ጀመረ። አንዱን ጨርሶ ሌላውን አነሳና ቆመ።

«ጀምር» ኳ።

ጀመረ። ከዚያ አጎንብሶ የሆነ ነገር ነገራት፤ የሾፌር ነገር ይሁን የሌላ፣ በሩ ድረስ አልተሰማም። ሚጡ ሳቀች። ያንኑ ሳቅ፣ ከሆድ የሚነሳውን። ሳቋ እስኪያልፍላት ካርቶኑን አስቀመጠች።

የሚጡ እናት ሆድ እንደለመደው ጠቆረ። «ምን ብሏት ነው?» አለች።

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? እኔንማ ዛሬም ደህና አደርሽ አላለኝም። ቤት ሲገባ እሷ ናት ወሬው፤ እሷ እንዲህ አጠፈች፣ እሷ እንዲህ አለች። እናት ነኝ፣ ካልሲ አድርግ ባይ።» ባለ ጥላዋ ዘወር ብላ አየቻት። «ፊትሽ ምነው? እንኳን ደስ አለሽ ልትባይ ይገባ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔስ።»

ዝናቡ ጀመረ። ባለ ጥላዋ ጥላዋን ዘረጋች፣ ትንሽ አሰበች፣ ከፍ አደረገችው።

«ግቢ፣ አትበስብሺ። ምቀኛ አታሳጣኝ ነው የሚባለው፤ ተገኝተሽልኛል።»

የሚጡ እናት ገባች። ትከሻቸው ተነካካ። ልጆቹ እስኪወጡ እንዲያ ቆሙ፤ ጥላው ወደ ማን በኩል እንዳዘነበለ ግን የሚጡ እናት ቀና ብላ ሳታይ አልቀረችም።